ማን ተነሳ?

ሥራዬ ሰው ያለበት ክፍል መግባት ነው። እገባለሁ፣ በሩ ሥር ቆሜ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፣ ማን እንደተነሳ አያለሁ፣ እወጣለሁ። ሰላም አልልም፣ አልቀመጥም፣ ውሃ ቢሰጡኝም አልጠጣም። ድርጅቱ የሚሰጠኝ ቅጽ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ «ማን ተነሳ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ «ማንም» ብዬ እሞላለሁ። ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ እኔም ባቡሬን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ሰባ ዓመቴ ነው። ለዚህ ሥራ ከስልሳ በታች አይቀጥሩም፤ ሽበት ግድ ነው፣ ከዘራም ግድ ነው። ከዘራው የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ቁጥር ተለጥፎበታል። ስቀጠር የፈተነችኝ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ሁለቴ አመላልሳኝ «ጥሩ ነህ፣ ታሳዝናለህ» አለችኝ። እኔም አመስግኜ ፈረምኩ። ሕዝቡ «ገቢ ሽማግሌ» ይለናል፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ብቻ ሠላሳ ስድስት ነን። ሠራተኛ የሚቀጥር ይጠራናል፣ ቤት የሚያከራይ ይጠራናል፣ ከሁሉ በላይ ግን ልጁን የሚድር ይጠራናል።

ወጣት ሆኖ ይህን ለሚያነብ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ድሮ ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይልና «ኖር» ይል ነበር። የገባው ሰው ደግሞ «በእግዜር» ይላል፤ በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ አትነሱልኝ፣ ተቀመጡ ማለቱ ነው። ከዚያ ሁሉም ይቀመጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። መንዝ፣ አባቴ ቤት፣ ይህን ያላደረገ ልጅ እራቱን ቆሞ ነበር የሚበላው።

በ2052 ዓ.ም. «የታዳጊዎች ጠባይ ማነጫ» የሚባል ነገር ተጀመረ። ሲሰርቅ፣ ሲደባደብ፣ መስኮት ሲሰብር የተያዘ ልጅ እስር ቤት ከሚሄድ አራት መቶ ቀን ማነጫ ይግባ ተባለ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ይህን እስክሞት እላለሁ። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፣ ምሳ አለ፣ አዲስ ጫማ አለ። ልጁ እጁ ላይ አምባር ይታሰርለታል። ትልቅ ሰው ሲገባ ካልተነሳ አምባሩ ያሳክከዋል፣ ሲነሳ ይተወዋል። ዕቃ በአንድ እጁ ቢያቀብል ያሳክከዋል፣ በሁለት እጁ ሲያቀብል ይተወዋል። በአራት መቶኛው ቀን አምባሩ ይፈታል። ጉልበቱ ግን አይፈታም፤ ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም የማነጫ ልጅ ትልቅ ሰው ሲገባበት መነሳቱን የሚያውቀው ከተነሳ በኋላ ነው።

ለልጆቹ ታስቦ ሌላም ደግ ነገር ተደረገ። ያለፈው እንዳይከተላቸው ተብሎ መዝገቡ በሕግ ተዘጋ። ማን ማነጫ እንደገባ መጠየቅም መናገርም ወንጀል ሆነ። ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? መዝገብ ሲከለክሉት ጉልበት ማየት ጀመረ። መጀመሪያ ባለሱቆች አስተዋሉ፤ «ፈጥኖ የሚነሳውን ልጅ ተጠንቀቁት» መባባል መጣ። ቀጥሎ አከራዮች፣ ቀጥሎ ቀጣሪዎች። ከጨዋ ቤት የወጣ ልጅ ደግሞ በሌብነት እንዳይጠረጠር መነሳቱን ተወ። እሱ ሲተወው መነሳት ለማነጫ ልጆች ብቻ ቀረ፤ ምልክቱም የማይስት ሆነ። «እርስዎ» ማለትም በዚያው ጠፋ። አሁን አሥር ዓመት ያልሞላው ሕፃን «አንተ፣ ፌርማታው የት ነው?» ይለኛል፤ እናቱም አትቆጣውም። ባቡር ውስጥ ሽማግሌ ሲገባ እናቶች የልጆቻቸውን ትከሻ ይጫናሉ። ቀስ ብለው ነው የሚጫኑት፣ ሌላ ሰው እንዳያይ። ልጁ ከልምድ የተነሳ አንገቱን ሰበር አድርጎ ዝም ይላል።

በ2070 ጥናት ወጣ። ማነጫ ያልተከፈተባቸውን ከተሞች ልጆች ከእኛዎቹ ጋር አወዳደሩ፤ ጥፋታቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ። ምንም ያልተደረገላቸው ይሻሉ ነበር። ሥራ ይዘዋል፣ አግብተዋል፣ ስርቆቱንም አብዛኞቹ ሲያድጉ በራሳቸው ጊዜ ትተውታል። የእኛዎቹ ግን ማን ይቅጠራቸው? ብዙዎቹ ተመልሰው ሰረቁ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ማነጫው ተዘጋ፣ ፈተናው ግን ቀጠለ። ዛሬ ኪስ የሚገባው ሌባ ሽማግሌ ሲያይ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል፤ ማንም አይጠረጥረውም።

አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ አንድ ሰው አየሁ። ጎልማሳ ነው፣ የሂሳብ ሠራተኛ። ፈተና እንዳለ ጠርጥሮ ኖሮ ቀበቶውን ከወንበሩ ጋር አሳስሮታል። ስገባ ከነወንበሩ ተነሳ። ወንበሩን ጀርባው ላይ ተሸክሞ፣ እጁን ወደፊት አጣምሮ ቆመ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ከዚያ ፊቱን አየሁና ሳቁ ጠፋ። ስሙን ጻፍኩ፣ ወጣሁ። በሳምንቱ ተባረረ አሉ።

ለምን ይህን ሥራ ያዝክ የሚለኝ ሰው አለ። መልሴ አያምርም፣ ግን ልናገረው። ያን «ኖር» የሚባለውን ትምህርት ማነጫ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የግብረ ገብ መምህር ነበርኩ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው። ኮሚቴው ጠርቶ «በሥርዓት ያደገ ልጅ በምን ይታወቃል?» ሲለኝ «ትልቅ ሰው ሲገባ በመነሳቱ» አልኩ። ጻፉት። አንድ ሳምንት ሙሉ ኩራት ኩራት አለኝ። የመጀመሪያውን ዙር ስልሳ ልጆችም ራሴ ነኝ ያስተማርኳቸው። በኋላ ነገሩ እንዲህ ሲሆን የት ደረሱ፣ ምን ሆኑ የሚል ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። መዝገቡ ዝግ ነው፤ እነሱን የማያቸው እየገባሁ ብቻ ነው። ሌላም አለ፣ ይህኛው ያሳፍረኛል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሰው ይነሳልኛል፤ ስሙን እየጻፍኩም ቢሆን ልቤ ደስ ይለዋል።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴት ደወለች። ስንዱ እባላለሁ አለች። ስሙ ምንም አላስታወሰኝም፤ ስንዱ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ዳቦ ፋብሪካ ማሸጊያ ላይ ትሠራለች፣ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሐመልማል የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። ልጂቱን ዳግማዊ የሚባል መሐንዲስ ሊያገባት ሽማግሌ ይልካል።

«ልጁም አብሯቸው ይመጣል» አለችኝ። «ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግባ። ያን ጊዜ እጅ እያስታጠብኳቸው ነው።»

«ለምን እጅ ሲታጠቡ?» አልኳት። ደንበኛ መጠየቅ አይፈቀድልንም፣ ግን ገረመኝ።

«እጁ እርጥብ የሆነ ሰው ወንበር ጨብጦ መያዝ አይችልም።»

ብልህ ሴት ናት አልኩ በልቤ። በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያሰበ ደንበኛ አልገጠመኝም።

በቀጠሮው ቀን ጠባሴ ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ደርሼ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። ነፋሱ በመስኮቱ ይገባል፤ ደብረ ብርሃን ሁሉ ነገሯ ሲለወጥ ብርዷ አልተለወጠም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ይሰማኛል። ሽማግሌዎቹ ስምንት ሰዓት ተቀጥረው ስምንት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው የደረሱት። ደርሰውም አልተቀመጡም። ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፤ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም። ይህ እስከ ዛሬ አልቀረም፣ የሚያስጠረጥርም አይደለም፤ ከተቀመጠበት የሚነሳ የለማ።

«ኧረ ቁጭ በሉ» ትላለች ስንዱ።

«ሳንሰማ አንቀመጥም» ይላል አንዱ።

«መልሱ የትም አይሄድም፣ ቁጭ በሉ።»

«ልጃችን ልጅሽን ወዷል። ልጅ ሁነን እንምጣ ወይስ እንግዳ ሁነን እንሂድ?»

እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። በመጨረሻ የሶፋው ድምፅ ተሰማኝ፤ ተቀመጡ። ሰዓቴን አየሁ፣ ለዘጠኝ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ። አስተዋይ ሰው ቢሆን እጅ ገና እንዳልታጠበ ይገባው ነበር። የውሃ ድምፅ አልሰማሁም፣ የሳህን ድምፅ አልሰማሁም። እኔ ግን በሰዓቴ የምኮራ ሰው ነኝ። ልክ ዘጠኝ ሲል በሩን ገፋሁት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ናቸው። መሐል ያሉት በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አቶ ማንያዘዋል ይባላሉ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በቀኛቸው የልጁ አጎት አቶ ስለሺ አለ። ሦስተኛው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አልተናገረም። ልጁ ዳግማዊ መስኮቱ ጋ ነው፣ ሐመልማል ከፊት ለፊቱ። ስንዱ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ገና አረፍ ማለቷ ነው፤ ማስታጠቢያው መሬት ላይ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል።

አንድ ብዬ ቆጠርኩ። ዳግማዊ ዓይኑን አነሳ፣ አልተንቀሳቀሰም። ሁለት። ሽማግሌዎቹም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ከጎኔ፣ «ኖር» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ስንዱ ቆማለች። እጆቿ ወደፊት ተጣምረዋል፣ አንገቷ ሰበር ብሏል። እግሯ ማስታጠቢያውን ገልብጦት ውሃው ጫማዬ ሥር ደረሰ። «ኖ»ውን ረዘም አድርጋ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ አድርጋ ነበር ያለችው። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚለው። በዓለም ላይ እንደ አባቴ «ኖር» እንዲሉ ያስተማርኳቸው ሰዎች ስልሳ ብቻ ናቸው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የሚያስተምረው የተቀረጸ ድምፅ ነበር።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ወደ እሷ ዞሩ።

«ውሃ … ውሃ ልቀዳ ብዬ ነው» አለች ስንዱ።

«ውሃው ሞልቶ አልነበር?» አለ አቶ ስለሺ። ወደ እኔ አየ፣ ከዘራዬን አየ፣ ቁጥሩን አየ። «ገቢ ሽማግሌ ጠርተሽብናል። እኛን ልትፈትኚ።»

«እማዬ?» አለች ሐመልማል። እናቷን የምታውቃት አትመስልም ነበር።

ደንቡ አምስት ቆጥረህ ውጣ ይላል። ሦስት ላይ አልደረስኩም። ለምን ዘጠኝ ሰዓት እንዳለችኝ ያኔ ገባኝ። እጅ ስታስታጥብ የምትቆም እሷ ናት፤ የቆመ ሰው አይነሳም። እኔን የጠራችኝም ገቢ ሽማግሌ የሚጠራ ቤት ስለማይጠረጠር ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እየተጠነቀቀች ኖራ እኔ በሰዓቴ ኮርቼ አጋለጥኳት።

«የቄራው ሰፈር ስንዱ ነሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ያዘች። «መምህር ዘርጋው … እርስዎ ነዎት?» አለች። ክፍሉ ውስጥ «እርስዎ» ሲባል ዳግማዊ እንኳ ደነገጠ።

አቶ ስለሺ ባርኔጣውን አንስቷል። «አንድ ጊዜ ስሙኝ» አልኩ። «ይህች ሴት ምንም አልሰረቀችም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።»

«እሷ አላለችም፤ እኔ ነኝ የምለው። ማነጫ ያስገባኋት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዙር ስልሳ አምባር መጣልን፤ ከተማው ውስጥ አጥፍተው የተያዙት ልጆች ግን አርባ አንድ ብቻ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ አምባር ይመለስ ብንል የሚቀጥለው ዓመት ይቀነስብናል ተባለ። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ፈልጉ አሉን። እኔም ቤት ለቤት ሄድኩ። የእሷ እናት ልጆቹ ምሳ ይበላሉ ስላቸው፣ ጫማ ይሰጣል ስላቸው ደስ አላቸው። ኮሚቴው ‹ጥፋቷ ምን ተብሎ ይጻፍ?› አለኝ። ‹ዝንባሌ አላት› ብዬ ጻፍኩ።»

«የምን ዝንባሌ?» አሉ አቶ ማንያዘዋል።

«ትምህርት ቤት ትቀር ነበር።»

«ለምን?»

«ጫማ ስላልነበራት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ስለሺ ግን አልተቀመጠም። «መዝገቡ ዝግ ነው» አለ። «የማነጫ መምህር ለማነጫ ልጅ ቢመሰክር ማን ያምነዋል? እኔ ባምንስ ሰው ያምናል? ስርቆቱን አይደለም የምንፈራው፤ ነገ የልጅ ልጆቻችን ‹የማነጫ ዘር› መባላቸውን ነው።» እውነቱን ነው።

«አርባ አንዱስ?» አሉ አቶ ማንያዘዋል።

«ምናቸው?»

«የተያዙት። ምን ነበር የሰረቁት?»

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። አሰብኩ። «አንዱ ኳስ» አልኩ። «ሁለቱ የመንገድ መብራት ባትሪ። አንዲት ልጅ የጎረቤት ዶሮ። የብዙዎቹ ዳቦ ነበር፣ እንዲያውም ከአንድ ሱቅ። ሌላው ድብድብ ነው።»

«ዕድሜያቸው?»

«ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት።»

«እህ» አሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «እናስብበታለን» ብለው ወጡ፤ ሁሉም ተከተላቸው። ዳግማዊ በሩ ላይ ዞር ብሎ ሐመልማልን አያትና እሱም ሄደ።

እኔ ቀረሁ። መሄድ ነበረብኝ፣ እግሬ ግን እርጥብ ነው፣ ልቤም ከባድ ነው። ስንዱ ጨርቅ አምጥታ ወለሉን ታደርቃለች። ላግዝሽ ብዬ ጎንበስ ስል «ተዉት» አለች።

«ለምንድን ነው በሰዓቱ የገቡት?» አለችኝ ሳታየኝ። «ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣት። ሐመልማል ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። «ስትነሺ ምን ይሰማሻል?» አለች። የንዴት ጥያቄ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ምንም» አለች እናቷ። «ቆሜ ነው ራሴን የማገኘው። ባቡር ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም፣ አላስተዋልሽም? ፋብሪካውንም የመረጥኩት ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት ስለሆነ ነው። ቢሮ ሥራ ሁለቴ አግኝቼ ወንበር አለው ብዬ ትቼዋለሁ። አባትሽም አያውቅም ነበር። አባቱ ሊጠይቁን ሲመጡ ወጥ ቤት ነበር የምቆየው፤ ሽማግሌ አትወድም እያለ አዝኖብኝ ሞተ።»

«ትከሻዬንስ?»

ስንዱ ጨርቁን መጭመቋን አቆመች። «እንደኔ እንዳትሆኚ ብዬ ነው» አለች።

ወደ በሩ ስሄድ ጠራችኝ። «መምህር፣ ጠልቼዎት ነው የኖርኩት። ይህን ይወቁት። ማታ ማታ ሳስብዎት የምሰድብዎት ስድብ አለ፣ አሁን ከፊቴ ቆመው አፌ አላወጣው አለ እንጂ።» ቀጥላም «ጫማው ግን ጥሩ ነበር፤ ሁለት ክረምት አድርጌዋለሁ» አለች። ከሁሉ ያሳመመኝ ይህ ነበር።

ቅጹን ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። «ማን ተነሳ?» ይላል። ስሟን ብጽፍ ቅጂው ለቀጣሪዎች ይደርሳል፤ ፋብሪካው በሳምንቱ ያስወጣታል። «ማንም» ብል አቶ ስለሺ ይመሰክርብኛል። በአራተኛው ቀን ባዶውን ቅጽ ከነከዘራው ወስጄ መለስኩ። የቀጠረችኝ ልጅ «ያለ ከዘራ እንዴት ትሄዳለህ?» አለችኝ። እኔም ገረመኝ፤ ያለ ችግር ሄድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ስንዱ ደወለች። አቶ ማንያዘዋል እሑድ እንደሚመጡ ነግረዋታል። አጎትየው አይመጣም። የልጁ እናት ሠርጉ ላይም አልገኝም ብላለች። ዳግማዊ ግን እሷን ብቻ ነው የማገባው ብሏል።

«በኛ በኩል የሚቀመጥ ሽማግሌ የለኝም» አለችኝ ስንዱ። «ቢመጡልኝ።»

«ስለ ስድቡ ተስማማን ማለት ነው?»

«አልተስማማንም። ግን ይምጡ።»

እሑድ ሄድኩ። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤት ተቀመጥኩ፤ ሻይም ጠጣሁ። ስንዱ ዱካዋ ላይ፣ ሐመልማል ከአጠገቧ። የዛሬ እንግዳ የሚመጣው ሊፈትን አይደለምና ማስታጠቢያው ወጥ ቤት ነው ያለው። ሰዓቱ አለፈ፤ ሃያ ደቂቃ ዘገዩ። ከዚያ በሩ ተንኳኳና ተከፈተ። አቶ ማንያዘዋል ከፊት፣ ዳግማዊ ከኋላቸው።

«ኖር» አለች ስንዱ፤ ቆማለች። ይህን አልደበቀችውም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው ያለችው። እኔም ተነሳሁ። እኔ አምባር ታስሮልኝ አያውቅም፤ አስቤ፣ የወንበሩን ክንድ ይዤ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ ነው የተነሳሁት። «ኖር» አልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ሽማግሌው አንድ እግራቸውን ውስጥ አድርገው ቆሙ። ግራ ገብቷቸዋል። «መልሱ ምን ነበር?» አሉ። «ልጅ ሳለሁ አውቀው ነበር። ጠፋኝ።»

«በእግዜር» አለቻቸው ስንዱ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ሐመልማል ልትነሳ ብድግ አለች። ሙሉ ለሙሉ አልቆመችም። የእናቷ እጅ ሄዶ ትከሻዋ ላይ አረፈና ተጫናት፤ ልጂቱም አንገቷን ሰበር አድርጋ መልሳ ተቀመጠች። ሁለቱም ሳያስቡት ነው። ዳግማዊ አየ፣ አቶ ማንያዘዋልም አዩ።

ስንዱ እጇን አየችው። እኔ ያሳሰርኩት አምባር ለአራት መቶ ቀን ነበር፤ ይህኛው ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሠራ እጅ ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታላቅቅ ይታየኛል። ካላቀቀችው በኋላ የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ሐመልማል ተነሳች። እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው አታውቅም፣ አንዱን ቀሚሷ ላይ አሳረፈችው፣ ሌላው ተንጠልጥሎ ቀረ። «ኖር» አለች፤ ሁላችንም ብለን ከጨረስን በኋላ፣ እንደማንም ሳይሆን በራሷ አባባል።

«በእግዜር» አሉ አቶ ማንያዘዋል። አሁን አልጠፋቸውም። ከዚያ ወደ ስንዱ ዞረው፣ ቆመው፣ ልጁን አስከትለው ይለምኑ ጀመር።